የመፍቻ እጅ

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ድሬዳዋ ወርጄ ሳለ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ልዙር ብዬ ማለዳ ብቻዬን ከፊራ ገበያ ሄድኩ። የምገዛው ነገር አልነበረኝም። የሽንኩርቱን ረድፍ አልፌ ወደ ወተት ሻጮቹ ስጠጋ የታጠነ የወተት ዕቃ ሽታ መጣብኝ። ጢስ ነው፤ ግን ዓይን የሚያቃጥል ጢስ አይደለም፤ የተቃጠለ እንጨትና ቅባት ተቀላቅለው ትንሽ ጎምዘዝ የሚል። ቀኝ እጄ ሳላዝዘው ከኪሴ ወጣ። አንዲት ወጣት ሻጭ አየችኝና «ነይ እህቴ፣ ፍቺኝ!» አለችኝ።

እንደ ሞኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ልጅቷ ለማን ምን እንዳለች አታውቅም። በአንድ ክረምት፣ በዚሁ ገበያ፣ ይሄ እጅ ከእኔ ይልቅ ዝነኛ ነበር።

ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ክረምት ነው። የምንኖረው ከዚራ ሰፈር፣ አያቴ በምድር ባቡር ሲሠራ በገባበት ግቢ ውስጥ ነበር። አያቴ ካረፈ ቆይቷል። እናትና አባቴ በጠዋት ቢሮ ስለሚገቡ ቤቱን የምትገዛው የአባቴ እናት እቴቴ ነበረች። እቴቴ ከመንዝ ተድራ ድሬ ከወረደች ጀምሮ ሁለት ነገሮች ፈጽሞ አልተዋጡላትም፤ አንዱ ሙቀቱ ነው፣ ሌላው ሻጭ መጀመሪያ የሚጠራው ዋጋ። እሷ ለአንድ ኪሎ ቲማቲም የምትከራከረውን ያህል ሰው ለርስት አይከራከርም።

የትምህርት መዝጊያ ሰሞን ዘንቢሉን ሰጠችኝና፣ «ቲጂ፣ ጉልበቴ እንቢ ብሎኛል። ከዛሬ ጀምሮ ከፊራ የምትሄጂው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ጉልበቷ በእርግጥ ግራ የሚያጋባ ጉልበት ነበር። ወደ ገበያ ሲሆን ያማታል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ግን ደረጃውን እንደ ጠቦት ዘላ ትወጣዋለች። እኔ ነገሩን የጸበል ተአምር ነው ብዬ አምኜ ተቀበልኩ።

የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ተሻግሬ ከፊራ ስደርስ ሻጮቹ ገና ጆንያ እየዘረጉ ነው። በሦስት ቋንቋ ይሰዳደባሉ፣ በአማርኛ ይታረቃሉ። መፍቻ የሚባለውን ነገር የተማርኩት እዚያ ነው። የዕለቱ የመጀመሪያ ገዢ ገበያውን ይፈታል። እጁ ጥሩ ከሆነ ሲሳይ ተከትሎት ይመጣል፤ እጁ ደረቅ ከሆነ ሻጯ እስኪመሽ ዝንብ ስታባርር ትውላለች። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ብር ትስማታለች፣ ግንባሯን ታስነካታለች፣ ከዚያ ጉያዋ ትከታታለች። በማለዳ ዋጋ ጠይቆ ሳይገዛ የሄደ ሰው የቀኑን በር ዘግቶ እንደ ሄደ ይቆጠራል። አንድ ረጅም የቢሮ ሰው ነበር፤ ሁልጊዜ ይጠይቃል፣ አንድም ቀን አይገዛም። እሱ ከሩቅ ሲታይ ሴቶቹ ሁሉ ድንገት ሥራ ይበዛባቸዋል። አንዷ ጥርሷን ትፍቃለች፣ አንዷ ጫማዋን አውልቃ ታራግፋለች፣ አንዷ የሌለ ዕቃ ትፈልጋለች።

ከሁሉም የሚፈሩት ግን «ደረቋ» የሚሏትን ሴት ነበር። እኔ አላየኋትም፤ በዚያ ክረምት መምጣት ትታለች አሉ። ጥቁር ጥላ ይዛ ጀምበር ሳትወጣ ትመጣለች፤ ሽንኩርቱን አንድ በአንድ አገላብጣ፣ ተከራክራ ተከራክራ፣ ወይ በግማሽ ዋጋ ትወስዳለች ወይ ጥላ ትሄዳለች፤ እሷ የነካችው መደብ ያን ቀን አይነሳም። ስሟ ሲጠራ ሴቶቹ «አዑዙ ቢላህ!» ይላሉ። እኔም እንደ ትልቅ ሰው አማትባለሁ።

የእኔን እጅ ያገኘችው አዴ ሙሚና ናት፤ አዴ በኦሮምኛ እናት እንደ ማለት ነው። ከሐርላ በኩል የምትመጣ ሽንኩርትና ቲማቲም ሻጭ ነበረች፤ ሰፊ ሴት፣ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ የሚደርስ። አንድ ማለዳ «ኮቱ፣ ነይ ፍቺኝ እስቲ» አለችኝ። መከራከር አላውቅም፤ የተባልኩትን ከፍዬ ሽንኩርቴን ይዤ ሄድኩ። በነጋታው ገና ስታየኝ ክንዴን ይዛ እጄን ወደ ሰማይ አነሳችው።

«ይቺን እጅ እዩልኝ! ወላሂ ትናንት ፀሐይ ሳይከር ጆንያዬን አጥፌ ቤቴ ገባሁ። በረካ ያለው እጅ ነው!»

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣሁ። በገበያው ስገባ «ቲጂ፣ ዛሬ ቃሪያ አልተባልሽም?»፣ «አቦ ትናንት እሷን ፈትተሻል፣ ዛሬ እኔን!»፣ «ሎሚ! ሎሚ የማይበላ ቤት አለ እንዴ?» እያሉ ቀሚሴን ይጎትታሉ። የፈታኋት ሁሉ ምራቂ ትጨምርልኛለች፤ አንድ ቲማቲም፣ ሁለት ሎሚ፣ አንዳንዴ አንድ ሙሉ ፓፓያ። ዘንቢሌ ሞልቶ ስገባ እቴቴ እያገላበጠች ታያለች። «እኔን ነው የመሰለችው» ትላለች ለእናቴ፤ «ተከራካሪ ወጥቷታል።»

እኔ ግን ጭንቀት ገባኝ። በረካው እጄ ላይ ካለ በውሃ ሊሄድ ይችላል ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ቀኝ እጄን መታጠብ አቆምኩ። ስተኛ በፌስታል ጠቅልዬ አስረዋለሁ፤ በድሬ ሙቀት እጄ ውስጡ ሲቀቀል ያድራል። ማዕድ ስንቀርብ ደግሞ ወጥ እንዳይነካው በግራ መብላት ጀመርኩ። እቴቴ በመጀመሪያው ቀን አይታ አለፈችኝ። በሁለተኛው ቀን ግን ጆሮዬን ይዛ ቧንቧው ሥር ወሰደችኝ።

«ጲላጦስ እንኳ ሁለቱንም ነው የታጠበው!» እያለች በሳሙናና በሎሚ ፈተገችኝ።

ሲሳዬ በቦይ ሲሄድ እያየሁ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። በነጋታው አንገቴን ደፍቼ አዴ ሙሚናን ፈታኋት፣ የመጣውን ልቀበል ብዬ። ዕቃዋ ከቀትር በፊት አለቀ። በረካው ከቆዳ አልፎ አጥንቴ ገብቷል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩና መታጠብ ጀመርኩ።

ከወተቱ ረድፍ ዳር፣ ከኒም ዛፉ ሥር፣ ኤዶ ሀዋ ትቀመጥ ነበር። ኤዶ ሶማሌዎች አክስታቸውን የሚጠሩበት ነው፤ ድሬ ግን ሁሉም ይጠራበታል። የግመል ወተት ነበር የምትሸጠው። ግመሎቹ ከጀልዴሳ ወዲያ ወንድሟ ዘንድ ናቸው፤ ወተቱን ማለዳ በአይሱዙ ይልክላታል። ለገበያው አዲስ ስለሆነች ደንበኛ አልነበራትም፤ ዕቃዋ ግማሽ ሞልቶ የሚመለስበት ቀን ይበዛል። አጠገቧ የልጅ ልጇ ሂቦ ትቀመጣለች። ሂቦ ውስጡ ምንም የሌለበት ሮዝ ቦርሳ ነበራት፤ ተቀምጣም ከጀርባዋ አታወልቀውም። ኤዶ ሀዋ ከተማ የቆየችው ልጅቷን መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ለማስገባት ነው። ወንድሟ ግን «ወተቱ እየተረፈ ከቀጠለ ልጅቷን ይዘሽ ተመለሽ፤ ለሌላ ነጋዴ እሰጠዋለሁ» ብሎ ልኮባታል። ይህን ገበያው ሁሉ ያውቀው ነበር። እኔም አውቄ ቦርሳውን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

አንድ ማለዳ ኤዶ ሀዋ ጠራችኝ። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

«ናያ ቲጂ! አንተ ጥሩ እጅ አለህ አሉ። ና፣ እኔንም ፍታ።»

ቆሜ ቀረሁ። የግመል ነገር እኛ ቤት አይነሳም። እቴቴ «ሰኮናው አልተሰነጠቀም፣ ለእኛ አልተፈቀደም» ትላለች። ይሄን ብቻ ብትል ጥሩ፤ እኔ በራሴ የጨመርኩበትም ነበር። የግመል ወተት የጠጣ ክርስቲያን አንገቱ ይረዝማል ብዬ አምን ነበር። ሰፈራችን ውስጥ አንድ አንገተ ረጅም ዲያቆን ስለነበር እሱንም በክፉ ጠርጥሬው አውቃለሁ።

«ኤዶ፣ እኛ አንጠጣም» አልኳት፣ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

«ሆድህን ማን ፈለገው?» አለች፤ «እጅህን ነው።»

ነገሩ ክርክር አስነሳ። ሴቶቹ መደባቸውን ትተው ተሰበሰቡ። ሳይጠጡ መግዛት መፍቻ ይሆናል? አይሆንም? የበርበሬ ሻጯ «ያልቀመሰ እጅ አይፈታም» አለች። አዴ ሙሚና ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፈረደች።

«መፍቻ የከፋይ እጅ ነው እንጂ የጠጪ ሆድ አይደለም! ይቺ ትክፈል፣ ሌላ ሰው ይጠጣ። በቃ!»

ጠጪ አላጣንም። ግቢያችን ውስጥ ጋሽ ዚያድ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ አባቶቻቸው ከየመን የመጡ ናቸው። የግመል ወተት ሲያነሱ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል፤ ከፊራ ድረስ ግን እግራቸው አይችልም። ነገሩን ስነግራቸው ጆጋቸውን ሊስሙት ደረሱ። «ብቻ እቴቴ እንዳትሰማ» አሉኝ፤ «ከሰማች ሁለታችንንም በጸበል ነው የምታጥበን።»

በየማለዳው በጋሽ ዚያድ ብር ለኤዶ ሀዋ እከፍላለሁ፤ ብሩን ትስምና ግንባሯን ታስነካለች። ከዚያ ጆጉን እጄን ዘርግቼ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ደቻቱን አሻግረዋለሁ። አንገቴንም በየቀኑ መስታወት ፊት አየዋለሁ። ወተቱ ደግሞ መሸጥ ጀመረ። እኔ ከፍዬ ዞር ከማለቴ ሎሚ ሻጯም በርበሬ ሻጯም አንዳንድ ጣሳ ይገዛሉ፤ ከእጄ ትኩሱን በረካ ለመካፈል ነው። ሻጮች ተሰልፈው ያየ መንገደኛ ደግሞ «ምን አለ እዚህ?» ብሎ ይጨመራል። ያኔ ይሄ አልታየኝም። የታየኝ ኤዶ ሀዋ ባዶ ዕቃ ይዛ መሄዷና ሂቦ ቦርሳዋን እያነጠረች ከኋላዋ መሮጧ ነው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ፍልሰታ ገባ። እቴቴ በጾም ጊዜ አፍንጫዋ ይበረታል። አንድ ቀን ከገበያ እንደገባሁ «ነይ እስቲ» አለችኝና ቀኝ እጄን ወደ ፊቷ አስጠግታ አሸተተች። እንደገና አሸተተች። ከዚያ ደረቷን ያዘች።

«ጢስ! ሲጋራ ጀመርሽ?»

«በማርያም አልጀመርኩም!»

«እንግዲያ የምን ጢስ ነው?»

እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ። ለጋሽ ዚያድ ቃል ገብቻለሁ። እሳቸውም በመስኮታቸው እያዩን ነበር፤ መጋረጃው ቀስ ብሎ ተዘጋ።

«ደግ» አለች እቴቴ። «ነገ አብረን ነው የምንሄደው። የምትሄጂበትን ሁሉ ታሳዪኛለሽ።»

በነጋታው ጉልበቷ ምንም አላላትም። ከበሩ ኋላ ጥቁር ጥላዋን አንስታ ፊት ፊቴ ሄደች። እኔ የማስበው ስለ ሂቦ ነበር። የትምህርት ቤት ምዝገባ ሊጀመር ነው፤ እቴቴ ዛሬ ግመሉን ደርሳበት እጄን ካስቆመችው ወተቱ መትረፍ ይጀምራል፣ ቦርሳውም ወደ ጀልዴሳ ይመለሳል።

ገበያው አፍ ላይ ስንደርስ አንድ ነገር ሆነ። ሳቁ ቆመ። ሴቶቹ ተራ በተራ ጆንያ እያነሱ ሽንኩርታቸውን ሸፈኑ። አንዷ ጥርሷን መፋቅ ጀመረች፣ አንዷ ጫማዋን አወለቀች። ከኋላ በሹክሹክታ «ደረቋ! ደረቋ መጣች!» ሲባል ሰማሁ።

ደነገጥኩና ዞሬ ፈለግኋት። ከኋላችን ማንም የለም። ከጎኔም ማንም የለም። ጥቁር ጥላ ይዛ የቆመችው እቴቴ ብቻ ናት።

የሆነው ነገር ቀስ ብሎ ገባኝ፤ ሲገባኝ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ስንት ጊዜ አብሬያቸው አማትቤባታለሁ። እቴቴ ግን ምንም እንዳልሰማች ቀና ብላ በሽንኩርቱ ረድፍ መሀል አለፈች። «የታለ?» አለችኝ። በጣቴ ኒም ዛፉን አሳየኋት።

ኤዶ ሀዋ ገና አልተፈታችም። እቴቴ ወደ ወተቱ ዕቃ ጎንበስ ብላ አሸተተችና ትንፋሿን ለቀቀች። «ተመስገን፣ ሲጋራ አይደለም።» ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። «የምን ወተት ነው?»

ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። ወተቱ የጋሽ ዚያድ እንደሆነ፣ እጄ ብቻ እንደሚከፍል፣ አንገቴ ያው እንደሆነ፣ ወተቱ ከተረፈ ሂቦ ትምህርት ቤት እንደማትገባ። እቴቴ ሂቦን አየቻት። ሂቦም ቦርሳዋን ጥብቅ አድርጋ ይዛ አየቻት።

ኤዶ ሀዋ ከበርጩማዋ ተነሳች። «እማማ፣ ና ቁጭ በል። አንተ ደክሞሃል።»

«ማነው አንተ?» አለች እቴቴ። ግን ተቀመጠች።

ብሩን ላወጣ ስል እቴቴ እጄን ያዘችኝና «ቆዪ» ብላ የመቀነቷን ጫፍ መፍታት ጀመረች። አዴ ሙሚና ከኋላ መጥታ፣ «እማማ፣ እርስዎ አይቸገሩ፣ ልጅቷ ትፍታት...» አለች።

«ለምን? የእኔ ብር ምን ሆነ?»

አዴ ሙሚና ሽርጧን ማስተካከል ጀመረች።

«አውቃለሁ እኮ» አለች እቴቴ፣ ዓይኗን ከመቀነቷ ሳታነሳ። «ሳልፍ ሽንኩርት የምትሸፍኑት ለዝንብ ነው ብዬ አይደለም ቤቴ የተቀመጥኩት። ደህና ነው። ጉልበቴን አመመኝ እላለሁ።»

እኔ ያን ጊዜ እንዳላለቅስ ከንፈሬን ነከስኩ። አዴ ሙሚናም መሬት መሬት ታይ ነበር።

ኤዶ ሀዋ ይህን ሁሉ ሰምታለች። እቴቴ ማን እንደሆነች፣ የእጇንም ስም አውቃለች፤ ወተቷም የልጅ ልጇም በዚያች ማለዳ ላይ ተንጠልጥለዋል። ሁለት እጇን ዘረጋች። ብሩን ተቀብላ «ቢስሚላህ» አለች፣ ሳመችው፣ ግንባሯን አስነካችው፣ ጉያዋ ከተተችው። እቴቴም ዋጋውን አልጠየቀችም፤ አንዲት ቃል አልተከራከረችም። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ስትገዛ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

ጆጉ ከተሞላ በኋላ ግን አልተነሳችም። ጥላዋን ዘርግታ «እስቲ ልየው» አለች። እጇ ደረቅ መሆን አለመሆኑን ቁጭ ብላ ልታይ ነው። ማንም አልመጣም። ዝንብ መጣ። ኤዶ ሀዋ አባረረችው። እቴቴ አንገቷን ቀስ እያለች ስትደፋ አዴ ሙሚና አላስቻላትም፤ አፍራ ነበር፣ ፊቷ ላይ ይታያል። እጇን በሽርጧ ጠራርጋ መጣች።

«ኤዶ፣ አንድ ጣሳ ስጪኝ።»

ቆማ ግጥም አደረገችው። የግመል ወተት ለአዴ ሙሚና ሆድ እንደማይስማማ ገበያው ሁሉ ያውቃል። እቴቴ ቀና ብላ አየቻት። «አንድ ድገሚኝ» አለች አዴ ሙሚና፣ ያንንም ጠጣች። ከዚያ ወደ ኋላ ዞራ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ጮኸች፤ ምን እንዳለች አልገባኝም፣ ሴቶቹ ግን ጣሳና ጠርሙስ ይዘው ተነሱ። የበርበሬ ሻጯ መጣች፣ የሎሚዋ መጣች፣ ሰልፍ ሆነ። ሰልፉን ያየ ባጃጅ ነጂ ወርዶ ተሰለፈ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ያ ረጅም የቢሮ ሰው ሳይቀር መጣ፤ ዋጋ ጠየቀ፣ ዙሪያውን አየ፣ ደንግጦ ገዛ።

ፀሐይ ሳይከር ኤዶ ሀዋ የወተት ዕቃዋን እቴቴ ፊት ገለበጠችው። አንዲት ጠብታ ወረደች።

«እማማ፣ አንተ በጣም ጥሩ እጅ አለህ» አለቻት።

እቴቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች። አዴ ሙሚና ደግሞ ሆዷን ይዛ ወደ መጸዳጃው እየሮጠች ነበር፤ እሷም እየሮጠች ትስቃለች።

ቤት ስንደርስ ጋሽ ዚያድ ጆጋቸውን በእቴቴ እጅ ሲያዩ ከወንበራቸው ተነስተው ቆሙ። እቴቴ አቀበለቻቸውና፣ «ይጠጡት፣ አልነካሁትም። እጄ ብቻ ነው» አለቻቸው።

ከዚያ ቀን ወዲያ ጉልበቷ ዳነ፤ እኔም ከሥራዬ ተባረርኩ። ኤዶ ሀዋን በየማለዳው የምትፈታት እሷ ሆነች። የሽንኩርቱን ክርክር ግን አልተወችም፤ መጀመሪያ ወተቱን ትገዛለች፣ ከዚያ አዴ ሙሚና ዘንድ ሄዳ ጥርሷን ትስላለች። አዴ ሙሚናም አትሸፍንም፣ ትመልስላታለች። መስከረም ጠባ፤ ሂቦ ተመዘገበች። ትምህርት በተጀመረበት ቀን ቦርሳዋ ሞልቶ ከበዳትና እስከ በሩ ድረስ አንዱን ማንገቻ እኔ ያዝኩላት።

ያን ሰሞን አንድ ማለዳ ዩኒፎርሜን ለብሼ ስወጣ እቴቴን ቧንቧው ሥር አገኘኋት። ፊቷን ታጠበች፣ ግራ እጇን በሳሙና ፈተገች፣ ቧንቧውን ዘጋች። ቀኝ እጇ በነጠላዋ ተጠቅልሎ ነበር።

«እቴቴ፣ ቀኙስ?» አልኳት።

ግራ ቀኝ አየች፤ ማንም አልነበረም።

«ዝም በይ» አለችኝ፤ «ከፊራ ልሄድ ነው።»